ይዤው የምወጣው ሸክላ ማጫወቻ

«ተንቀሳቃሽ ሸክላ ማጫወቻ» የሚለው ስም እየተራመዱ ወይም በሚጓዝ መኪና ውስጥ ማዳመጥ የሚቻል ያስመስላል። መርፌው ግን ከፀጉር ዘለላ ብዙም በማይሰፋ ቦይ ውስጥ የሚቆየው በጥቂት ግራም ክብደት ብቻ ተይዞ ስለሆነ፣ ማጫወቻው ሲነቀነቅ ከቦዩ ወጥቶ ይዘላል። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1956 በአንዳንድ መኪኖቹ ዳሽቦርድ ሥር ሸክላ ማጫወቻ ገጥሞ ነበር፤ ሆኖም መሣሪያው በደቂቃ 16⅔ ዙር የሚሽከረከሩ፣ ለእሱ ብቻ የተዘጋጁ ሸክላዎችን እንጂ ሰው በቤቱ ያሉትን የሚያጫውት ስላልነበረ ብዙም ሳይቆይ ተተወ። እኔም የምወደው ይዞ መሄዱን ነው፤ ደልዳላ ቦታ ፈልጌ፣ ተቀምጬ አዳምጣለሁ።

እንዲህ ያለው ልማድ ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1914 የወጣው ዴካ በሞላ የሚሠራና እንደ ሻንጣ የሚዘጋ ግራሞፎን ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች እስከ ምሽግ ድረስ ይዘውት ገብተዋል።

የእኔው ማጫወቻ ኦዲዮ ቴክኒካ የተባለው የጃፓን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1983 ሳውንድ በርገር ብሎ ያወጣው፣ በ2022 ደግሞ ድርጅቱ 60ኛ ዓመቱን ሲያከብር እንደገና የሠራው ዓይነት ነው። አካሉ ከሸክላው ስለሚያንስ፣ ትልቁ ሸክላ ሲጫን ጠርዙ በግራና በቀኝ ተርፎ በአየር ላይ ይሽከረከራል፤ የእጅጌ ጫፍ ብትነካው እንኳ ዜማው ይጎተታል። ባትሪው አንዴ ከተሞላ እስከ 12 ሰዓት ይሠራል። ድምፁን በሽቦ ወይም በብሉቱዝ ያስተላልፋል እንጂ የራሱ ድምፅ ማጉያ የለውም፤ ይህን ብዙዎች እንደ ጉድለት ቢያዩትም እኔ ግን እንደ በጎ ነገር እቆጥረዋለሁ፤ ምክንያቱም ድምፅ ማጉያው ከመርፌው ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ሲሆን ንዝረቱ ወደ መርፌው ይመለስና ድምፁን ያደፈርሰዋል።

ከዚህ በፊት የነበረኝ የሻንጣ ቅርጽ ያለው ርካሽ ማጫወቻ ይህ ችግር ነበረበት። ከዚያ የባሰው ደግሞ የመርፌው ክብደት ነበር። በእንዲህ ያሉ ማጫወቻዎች ላይ በብዛት የሚገኘው የሴራሚክ መርፌ 5 ግራም ያህል ሲጫን፣ በማግኔት የሚሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ 2 ግራም አካባቢ ይበቃዋል፤ ያረጀ መርፌ በ5 ግራም ክብደት ሲጫን የቦዩን ግድግዳ ይፍቀዋል፣ የተፋቀውም አይመለስም። ስለዚህ ማጫወቻ የሚገዛ ሰው ከቀለሙና ከመያዣው በፊት መርፌው የሚቀየር መሆኑንና የሚጫነውን ክብደት ቢጠይቅ እመክራለሁ።

ሸክላዎቹም ጥንቃቄ ይሻሉ። አንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተውኩት ሸክላ ጠርዙ እንደ ማዕበል ተጣሞ አገኘሁት፤ ሳጫውተው የመርፌው ክንድ ከፍ ዝቅ እያለ ሲዋኝ ቆይቶ ከመጀመሪያው ዘፈን መካከል ዘለለ። ከዚያ ወዲህ በብዛት የምይዘው 7 ኢንች የሆኑትንና በደቂቃ 45 ዙር የሚሽከረከሩትን ትንንሾቹን ነው፤ በቀላሉ ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ፣ ቢበላሹም ጉዳቱ ይቀላል። ከእነሱ ብዙዎቹ የመሃል ቀዳዳቸው ሰፊ ስለሆነ፣ ቀዳዳውን የምትሞላዋን ክብ ፕላስቲክ እንዳልረሳት ከመጀመሪያው ሸክላ ሽፋን ውስጥ አስቀምጣታለሁ።