እረኛነቴን የተናገርኩባት ቅዳሜ

ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ትገባለች። በኛ ካውንቲ (ወረዳ)፣ በሜሪላንድ ግዛት በሞንትጎመሪ፣ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ለመመረቅ ውጤት ብቻ አይበቃውም፤ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ሰጥቶ ማስፈረም አለበት። የክረምቱ ዕረፍት ሊያልቅ ሲል "አባዬ፣ ሰዓት ይጎድለኛል" አለችኝ። ስልኳን ስታገላብጥ ጌይተርስበርግ የሚካሄደው የካውንቲው የእርሻ ፌር (ዓመታዊ ትርኢት) በጎ ፈቃደኞች እንደሚፈልግ አየች። ብቻዋን ከምልካት ብዬ እኔም አብሬ ተመዘገብኩ።

ያንን ፌር እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለን ሐበሾች የምናውቀው በመብራቱ ነው። ነሐሴ ላይ በ270 አውራ ጎዳና ሲያልፉ ትልቁ መንኮራኩር ሲሽከረከር ይታያል። ልጆች ትንሽ ሳሉ ወስደናቸው ነበር፤ መጫወቻው ላይ አሳፍረን፣ ስኳር አስልሰን ተመለስን። በረቶቹ ጋ አልደረስንም። እኔ ነኝ ያላደረስኳቸው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ፌሩ ጌይተርስበርግ ላይ መካሄድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ያኔ አካባቢው እርሻ ነበር። ዛሬ ካውንቲው ከአንድ ሚሊዮን ሰው በላይ ይኖርበታል፣ የፌሩም ግቢ በሱቅና በአፓርታማ ተከቧል። እርሻው ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1980 ካውንቲው 93 ሺህ ኤከር መሬት ለእርሻ ብቻ ብሎ ከልሏል። ወደ ሄክታር ስለውጠው 37 ሺህ 600 ገደማ ይመጣል፣ በጋሻ ቢቆጠር 940 ጋሻ። የካውንቲው አንድ ሦስተኛ ማለት ነው! አሥራ ስምንት ዓመት እዚህ ስኖር ይህን አላውቅም ነበር። ከኔ ቤት በመኪና የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ በቆሎ የሚዘራ፣ ላም የሚያልብ፣ በግ የሚያረባ ጎረቤት አለኝ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። ቲሸርት ሰጡን፣ የእጅ አምባር አሰሩልን። ልጄን እጅ መታጠቢያው ጋ መደቧት። ሥራዋ ከበረት የሚወጣው ሰው ሁሉ እጁን በሳሙና መታጠቡን ማየት፣ ሳሙናና ወረቀት ሲያልቅ መተካት ነው። ቀላል ሥራ ይመስላል፣ ግን ዋና ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሜሪላንድ ውስጥ በሌሎች ካውንቲዎች ፌር ላይ ከአሳማ ወደ ሰው የተላለፈ ኢንፍሉዌንዛ ተከስቶ ነበር፣ ከታመሙት አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ይህን ስነግራት ቀጥ ብላ ቆመች። አንድም ሕፃን እጁን ሳይታጠብ አላለፋትም።

እኔን አካፋና መጥረጊያ አስይዘው በጎቹ ጋ ላኩኝ።

በሩ ላይ ስደርስ ሽታው ተቀበለኝ። ድርቆሽ፣ ሰጋቱራ፣ ጸጉር፣ በጠጥ። ቆምኩ። ሰላሳ ምናምን ዓመት ያላሸተትኩት ሽታ ነው፣ ግን አንድም ነገር አልጎደለውም። ከኋላዬ ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ "ይቅርታ" እስኪለኝ ድረስ መንገድ ዘግቼ ነበር።

እንግዲህ ምክንያቱ ይኸው። ልጄ የምታውቀው "አባዬ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው" የሚለውን ነው። ደብረ ብርሃን ግን የተማርኩበት እንጂ የተወለድኩበት አይደለም። የተወለድኩት ከከተማው በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ከሚርቅ ገጠር ነው፣ አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሆነኝም በግ ጠባቂ ነበርኩ። ከተማ ስገባ የመጀመሪያው የሰማሁት ስድብ "እረኛ" ነው። ክፍል ውስጥ ተሳስቼ ስመልስ "እረኛ!"፣ ጫማዬ ሲያስቃቸው "እረኛ!"። አዲስ አበባ ስሄድ ይህን ከታሪኬ ላይ ቆርጬ ጣልኩት። አሜሪካ ስመጣም አልመለስኩትም። ለሚስቴ ነግሬያታለሁ፣ ለልጆቼ ግን አልነገርኳቸውም።

እና እዚያ በረት ውስጥ ያየሁት ምንድን ነው? እረኛ ልጆች። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አምስት ዓመት የሆናቸው፣ ቦት ጫማ ያደረጉ፣ ስማቸው ከበጋቸው ስም ጋር ጋጣው ላይ ተጽፎ የተለጠፈ። ሰው ከፍሎ ገብቶ ያያቸዋል። አያቶች ፎቶ ያነሷቸዋል። አብዛኞቹ ፎር ኤች የሚባለው የወጣቶች ማኅበር አባላት ናቸው፤ አርማው ባለአራት ቅጠል ሣር ነው፣ አራቱ ኤች በእንግሊዝኛ ጭንቅላት፣ ልብ፣ እጅና ጤና ለማለት ነው። ልጆቹ ግልገሉን በጸደይ ይረከባሉ፣ ራሳቸው ይመግባሉ፣ በየቀኑ ያራምዱታል፣ ምን ያህል መኖ እንደበላና ስንት ኪሎ እንደጨመረ መዝገብ ይይዛሉ። አንዲት ልጅ መዝገቧን አሳየችኝ። የኔ አባት ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ ነበር የሚይዘው፣ አንድም አይስትም።

የዚህች ልጅ በግ ልብስ ለብሷል። እውነቴን ነው፤ ከአንገቱ እስከ ጭኑ የሚደርስ፣ ተለጣጭ፣ ሰማያዊ ልብስ። ለውድድር ታጥቦና ተሸልቶ ሳለ እንዳይቆሽሽ ነው አለችኝ። ሙክት ነው፣ ገና ስድስት ወሩ ነው፣ ግን ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የኛ የመንዝ በግ ሁለቱ ተደምረው ናቸው።

ረፋዱ ላይ ሌላ ልጅ በጉን ሲያጥብ አመለጠው። እርጥብ በግ መተላለፊያውን ይዞ ወደኔ መጣ። ሰው ሁሉ ወደ ጎን ይሸሻል። እኔ መቼ እንደጣልኩት ሳላውቅ መጥረጊያው መሬት ላይ ነው፣ እጄ የበጉን የኋላ እግር ይዟል። በቃ፣ እጄ ያውቀዋል። ባለመዝገቧ ልጅ ሮጣ መጥታ አገጩ ሥር ያዘችውና በትሕትና "እንደዚህ ብንይዘው ይሻላል፣ እግሩ እንዳይጎዳ" አለችኝ። ቀጥላ "ግን ፈጣን ነዎት! በግ ነበረዎት?" አለች።

"አዎ" አልኩ። "እረኛ ነበርኩ።"

እንግሊዝኛ ስለሆነ ይሆን የቀለለኝ አላውቅም። አፌ ላይ ስድብ ሆኖ አልመጣም። ልጅቷ ዓይኗ በራ። "ስንት ነበሩ?" "ውሻ ነበራችሁ?" "ጅብ አለ?" ጥያቄው አላልቅ አለ። ሌሎቹም ከበቡኝ። ቀና ስል ልጄ ሳሙና ልትወስድ መጥታ እዚያው ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ምንም አላለችኝም፣ ሳሙናውን ይዛ ተመለሰች።

ከሰዓት በፊት ነጭ ጋቢ የለበሱ አባት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መጡ። በዚያ ሙቀት ጋቢ! ቲሸርቴ ላይ ያለውን ሳያነቡ ፊቴን አይተው በአማርኛ ጀመሩኝ።

"ልጄ፣ እንደምን ዋልክ? የዚህ በግ ላቱ የት ሄደ?"

"አባባ፣ የዚህ አገር በግ ላት የለውም። ጭራው ቀጭን ነው፣ እሱንም ገና በግልገልነቱ ነው የሚቆርጡት። ቆሻሻ ይዞ ዝንብ እንዳይጥልበት።"

"አሃ። ታዲያ መወፈሩ በምን ይታወቃል?"

"አሁን ዳኛው ሲያየው ያያሉ፣ ይቀመጡ" አልኳቸውና ከሜዳው ጎን አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳቸው። የኔም እረፍት ደርሶ ስለነበር ልጄን ጠርቼ አብረን ተቀመጥን።

ልጆቹ በጎቻቸውን ይዘው በሰልፍ ገቡ። ገመድ የለም፣ ሁለት እጃቸውን ከአገጩ ሥር አድርገው ነው የሚመሩት። ዳኛው ሲቀርብ ልጁ ጉልበቱን በጉ ደረት ላይ ያደርጋል፣ በጉ ይገፋዋል፣ ሲገፋ ጡንቻው ይወጠራል። ዳኛው ቆብ ያደረገ ረጅም ሰው ነው። ብዙ አይናገርም። አራት ጣቱን ገጥሞ አከርካሪው ላይ ያሳርፋል፣ ወደ ጎድኑ ያንሸራትታል፣ ከዚያ ወገቡን በመዳፉ ጨበጥ አድርጎ ይለካል፣ ጭኑን ይይዛል። ከአንዱ ወደ ሌላው።

የአባቴ እጅ ነው። ደብረ ብርሃን ገበያ፣ የፋሲካ ሰሞን፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እሱ ባናውን ትከሻው ላይ ጥሎ በአራት ጣት ወገብ ይጫናል። አጥንቱ ከቆረቆረው ያልፈዋል። ሥጋ ከሸፈነው ይቆማል፣ ላቱን ያነሳል፣ ጥርሱን ያያል፣ ከዚያ ወደ ዋጋ ይገባል። እኔ አጠገቡ ቆሜ እጁን እያየሁ ነው የተማርኩት። አንድ ቀን "አንተ እየው" ብሎኝ እጄን በጉ ወገብ ላይ አስቀመጠው።

"እጁን አየሽው?" አልኳት ልጄን። "አያትሽም እንዲህ ነበር የሚያደርገው።" አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንዲህ ነው እንጂ" አሉ፣ "ዓይን ይታለላል።" የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ጉልበታቸው ላይ ያሳይዋት ጀመር።

ባለመዝገቧ ልጅ ሁለተኛ ወጣች፣ ቀዩን ሪባን ወሰደች። እዚህ አገር አንደኛው ሰማያዊ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ትንሽ ችግር ነበር። ፍልሰታ ነው። ፌር ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የጥብስና የቅቤ ሽታ ነው። ዞር ዞር ብለን ቅቤ ሳይቀባ የተጠበሰ በቆሎ አገኘን። ነሐሴ ላይ ከሰል ጥብስ በቆሎ ያልበላሁበት ክረምት አልነበረም፣ አገር ቤት ሳለሁ። ሁለት ሁለት በላን። ልጄ ቺፕስ ጨመረች፣ እዚህ በኮምጣጤ ይበሉታል፣ ይጣፍጣል። መንኮራኩሩም ላይ ወጣን፤ ከላይ ሆነን የበረቶቹን ጣሪያ፣ ከነሱ ወዲያ አፓርታማዎቹን፣ ከአፓርታማዎቹ ወዲያ 270ን አየን። ፎቶ ተነሳን። ጥሩ ነበር።

ማታ ልንሄድ ስንል ልሰናበታት ባለመዝገቧ ጋ ተመለስኩ። ጋጣው ውስጥ ሰጋቱራው ላይ ተቀምጣ በጉን ደገፍ ብላለች። ፌሩ ከማለቁ በፊት ጨረታ አለ። ለሥጋ ያደጉት እንስሳት በዚያ ይሸጣሉ፣ ገንዘቡ የልጆቹ ነው፣ ብዙዎቹ ለኮሌጅ ያስቀምጡታል። "በየዓመቱ አላለቅስም እላለሁ፣ በየዓመቱ አለቅሳለሁ" አለችኝ።

ስለ ቦራ ነገርኳት። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው፣ እኔ ያሳደግኩት ሙክት ነበር። የአምስተኛ ክፍል ዩኒፎርሜና ደብተሬ የተገዙት በሱ ዋጋ ነው። የተሸጠ ቀን ከገበያ እስከ ቤት ድረስ አባቴን አላናገርኩትም፣ እሱም አላስገደደኝም። ልጅቷ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ሪባኑን ከጋጣው ላይ ፈትታ ኪሷ ውስጥ አደረገችው።

መኪና ውስጥ ልጄ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ሮክቪል ስንደርስ "ለምን ሳትነግረኝ ቀረህ?" አለች። እውነቱን ነገርኳት፤ ስድቡን፣ ጫማውን፣ ማፈሬን። "ግን እኮ አሪፍ ነው" አለች። ይህን ቃል ከሷ አፍ ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ መንገዱን ማየት ስላለብኝ ዋጥኩት። ከዚያ ቤት እስክንደርስ ስለ እረኝነት ጠየቀችኝ። ቡሄም ተነሳ፣ ሦስት ቀን ነበር የቀረው። ሙልሙሉን ታውቀዋለች፣ እናቷ በየዓመቱ ትጋግራለች። ለማን እንደሚጋገር ግን አታውቅም ነበር። በታቦር ተራራ ብርሃኑ ሲወርድ እረኞቹ ቀን መስሏቸው ከከብቶቻቸው ጋር ደጅ እንደቀሩ፣ ቤተሰብ ዳቦ ይዞ ፍለጋ እንደወጣ ነገርኳት። የእረኞች በዓል ነው። ጅራፉንም የምናጮኸው እኛ ነን አልኳት። እኛ አልኩ።

ማክሰኞ ከሥራ መልስ የሃርድዌር ሱቅ ገባሁና ገመድ ገዛሁ። የአገሬ ልጥ አይደለም፣ ግን ይገመዳል። በረንዳ ላይ ተቀምጬ ገመድኩት፣ ጫፉን እያሳሳሁ፣ እሷ ሌላውን ጫፍ ይዛልኝ። ከአፓርታማው ጀርባ ካለው ሣር ሜዳ ወጣን። የመጀመሪያው አልጮኸም። ሁለተኛውም። በሦስተኛው ክንዴ መንገዱን አስታወሰና ጮኸ፣ ሕንጻው መልሶ አስተጋባው። አንድ ሕፃን መስኮት ከፍቶ ወደ ታች አየን።

"ስጠኝ፣ እኔም ልሞክር" አለች ልጄ።