ቀና በል ያልሁት ተማሪ

ደብረ ማርቆስ ኮሚውኒኬሽን ማስተማር በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት የሆነ ነው። የፐብሊክ ስፒኪንግ ፕረዘንቴሽን ከ20 ይታረማል፤ 5ቱ ለአይ ኮንታክት፣ ማለትም አድማጭን ዓይን ዓይኑን እያዩ ለመናገር ነው።

አንድ ቀጭን ረጅም ልጅ ተራው ደርሶ ወጣ። ወረቀት አልያዘም። ርእሱ የጮቄ ተራራ ነበር። ሙጋን፣ ሱሃን፣ ጨሞጋን የሚባሉትን ወንዞች ከምንጫቸው ጀምሮ እስከ ዓባይ አወረዳቸው፤ እርሻው ሽቅብ እየወጣ ምንጩን እንዴት እንደሚያደርቀው አስረዳ። እንግሊዝኛው ሰባራ ነው፤ ሐሳቡ ግን አንድ ቦታ አልተፋለሰም። ዓይኑን ከጫማው ላይ አላነሳም። ሁለት ጊዜ «ቀና በል!» አልሁት። ባሰበት። ክፍሉ ሳቀ። ከ5 ዜሮ ሰጠሁት።

በማግስቱ ቢሮ መጣ። ተቀመጥ አልሁት፤ እንቢ አለ።

«መምህር፣ ለነጥቡ አይደለም የመጣሁ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ንቀት እንዳይመስልዎት ብዬ ነው። ስድስት ዓመት ቅኔ ቤት ነበርሁ። ለነገራ፣ ቅኔዬን ልነግር፣ የኔታ ፊት ስቀርብ ዓይናቸውን አይቼ አላውቅም።»

መልስ አጣሁ። የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃና የምትባለውን አጭር ቅኔ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ናት ብሎ አይንቃትም፤ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር፣ ሲያሰናዳ ይውልና መምህሩ ፊት ይነግራታል። የትናንቷን ዛሬ አይደግማትም። ከተሳሳተ ጓደኞቹ እየሰሙ ይታረማል። ይህ ልጅ በዚያ ሁሉ ዓመት በሰው ፊት ሲናገር የኖረ ነው፤ እኔ ደግሞ መናገር አይችልም ብዬ ፈረድሁበት። ያቃጠለኝ አለማወቄ አይደለም። እኔም ጎጃም ነው ያደግሁት፤ አባቴ ሲያናግረኝ መሬት መሬት እያየሁ።

ነጥቡን አስተካከልሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን «ሰው ዓይን የማያይ ጋዜጠኛ ምን ቃለ መጠይቅ ያደርጋል?» ብሎ ሞገተኝ። እውነቱን ነው፤ አይ ኮንታክትን ዛሬም አስተምራለሁ፣ ዛሬም አርማለሁ።

ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ልጁ የመጨረሻ ንግግሩን አቀረበ። ሁልጊዜ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር የማርመው። ያን ቀን ማረሚያዬን ይዤ ወደ ኋላ ሄድሁና፣ ከተማሪዎቹ ጀርባ ግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር እንዳቀረቀረ ተናገረ። ከዚያ የፊቱ ወንበር ባዶ መሆኑን አየ መሰለኝ፣ ቀስ ብሎ ቀና አለና ጓደኞቹን አንድ በአንድ እያየ ቀጠለ።