ጋራዥ ውስጥ ውሃ ማስገባት
የዛሬው ሥራ ከቤቱ መስመር ቲ (ሦስት አፍ ያለው ማገናኛ) አውጥቶ እስከ ጋራዥ ውሃ መሳብ ነበር። ቧንቧው ባለ 25 ሚሊ ሜትር ፒፒአር፣ ማለትም በሙቀት የሚበየድ ፕላስቲክ ነው። ከቲው ቀጥሎ መዝጊያ ቫልቭ ይገባል፤ ያለሱ ጋራዡ ባፈሰሰ ቁጥር የቤቱ ውሃ ሁሉ ይዘጋል።

ጣጣው ያለው ብየዳው ላይ ነው። ማሽኑ 260 ዲግሪ፣ የማሞቂያው ጊዜ 7 ሰከንድ፣ ከዚያ ሳያሽከረክሩ ቀጥ አድርጎ መግፋት። ከልክ በላይ ከተገፋ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳውን ያጠበዋል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ያማረ ብየዳ ነው! ከአሮጌው መስመር ውሃ እየተንጠባጠበ ከሆነም በደንብ አይያዝም፤ አስቀድሞ ማድረቅ ነው።

የውሃ ጎማ የሚሰካበት ቧንቧ ላይ ውሃ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ አይቅር። የጎማው ጫፍ የሳሙና ባልዲ ውስጥ እንዳለ ግፊቱ ከወረደ፣ ያ ውሃ ወደ ቤት ይሳባል።