ተጫዋቹ የሚያየው ጀርባዋን ነው

ላለፉት ሁለት ዓመታት ከሥራ መልስ፣ ማታ ማታ አንድ ትንሽ አርፒጂ (ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕሪ ሆኖ የሚወስንበት ጌም) እየሠራሁ ነው። ዋና ገጸ ባሕሪዋ አለሚቱ ትባላለች። ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር በቅሎ እየነዳች፣ አሞሌ ጨው ጭና ከገበያ ገበያ የምትዞር ወጣት ናት። የተሸረፈ አሞሌ እንደ ሙሉ ትሽጥ አትሽጥ፣ የታመመ ጓደኛዋን ትጠብቅ ወይስ ጥላው ትሂድ፣ የሚወስነው ተጫዋቹ ነው። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። ተጫዋቹ የመረጠው ነገር መልኳ ላይ ይታይ።

ይሄ ምኞት የመጣብኝ ልጅ ሆኜ ነው። ሰፈራችን ጌም ቤት ውስጥ ተራዬ እስኪደርስ ቆሜ ሌሎች ሳን አንድሪያስ የሚባለውን ጌም ሲጫወቱ አያለሁ። አንዱ ልጅ የጌሙን ጀግና ሲጄን በርገር ሲያበላው፣ ሲያበላው ሆዱ ወጣ። ሸሚዙ ጠበበው። ከዚያ ጂም አስገባውና ትከሻው ሰፋ። ሌሎቹ ጌሞች ላይ ጀግናው እኛ ምንም ብናደርግ ያው ነበር፤ ይሄኛው ግን ልጁ ያደረገበትን ነገር ተሸክሞት ይዞራል። በጣም ነው የገረመኝ። አርፒጂ እንኳ አይደለም፣ ግን ዘሩ የተዘራው እዚያ ነው።

ፌብልን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ላየንሄድ የሠራው ጌም ነው፤ እኔ የተጫወትኩት በኮምፒውተር የወጣውን ነው። መጀመሪያ ደግ ሆኜ ጨረስኩት። ከራሱ በላይ የብርሃን አክሊል ወጣለት፣ ቢራቢሮ ይዞረው ጀመር። ሁለተኛ ዙር ላይ ክፉ ሆንኩ። ቀንድ አበቀለ፣ ዓይኑ ቀላ፣ ዝንብ ከበበው። ከሁሉም በላይ የወደድኩት ግን ሌላ ነው። አስማት ላይ ሲበረታ ሰውነቱ ላይ የሚያበሩ መስመሮች ይወጣሉ፣ ጉልበት ላይ ሲበረታ ይፈረጥማል፣ የልምድ ነጥቡን አውጥተህ ችሎታ በገዛህለት ቁጥር ደግሞ ያረጃል። ማለትም ጥንካሬ የሚገዛው በዕድሜ ነው። ይሄን ማንም በቃል አይነግርህም፣ ሽበቱን አይተህ ነው የምትረዳው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2003 ባዮዌር የሠራውን የስታር ዋርስ ጌም፣ ናይትስ ኦፍ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክን ተጫወትኩ። ወደ ጨለማው ወገን ስታዘነብል ፊትህ ይገረጣል፣ ቆዳህ የታመመ ሰው ይመስላል። ማስ ኢፌክት 2 የሚባለው ጌም ላይ ደግሞ የዋናው ገጸ ባሕሪ የሼፓርድ ፊት ላይ ጠባሳ አለ፤ ጨካኝ ምርጫ በመረጥክ ቁጥር ጠባሳው እየሰፋ ቀይ ያበራል፣ መልካሙን ከመረጥክ እየዳነ ይሄዳል። ሦስቱንም አጥንቼ «በቃ ገባኝ» አልኩና ሥራ ጀመርኩ።

የጀመርኩት በአንድ ቁጥር ነው። ከመቶ ሲቀነስ እስከ መቶ ሲደመር። ደግ ስትሠራ ይጨምራል፣ ክፉ ስትሠራ ይቀንሳል። ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ለአለሚቱ ፊት ሁለት ሼፕ ኪ (ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ የቅርጽ ለውጥ) ሠራሁ፣ አንድ የደግ፣ አንድ የክፉ። ጌሙን በምሠራበት ፕሮግራም፣ ጎዶት ውስጥ ቁጥሩ ሲለወጥ ፊቷ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይሄዳል። ክፉዋ አለሚቱ ጉንጯ ጎደጎደ፣ ቅንድቧ ተቋጠረ፣ ቆዳዋንም አጠቆርኩት። አንድ ጠባሳም ጨመርኩላት።

ታናሽ እህቴ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆየችና «ክፉ ስትሆን ለምንድነው የምትጠቁረው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሰው ሲያዝን «ፊቱ ጠቆረ» እንላለን፤ እሱን ሰበብ አድርጌ ልመልስላት አልኩና ተውኩት፣ ምክንያቱም እኔ የሠራሁት ሐዘን አልነበረም። እህቴ ራሷ ጠይም ናት። የሠራሁትን ጌም ከፍታ ብትጫወት የሚነግራት ምን እንደሆነ አሰብኩና በዚያው ሌሊት ቆዳውን መለስኩት።

ከእሱ ጋር ጠባሳውንም አነሳሁት። የአያቴ ግንባር ላይ ጠባሳ አለ፣ በልጅነቷ እንጨት ስትለቅም ወድቃ ነው። አንገቷ ላይ ንቅሳት አለ። እጇ ላይ ምጣድ ያቃጠላት ቦታ አለ። አንዱም ስለ ደግነቷም ስለ ክፋቷም አይናገርም። የደረሰባትን ነው የሚናገረው፣ አንዳንዱን ደግሞ ራሷ የመረጠችውን። ጠባሳን የኃጢአት ምልክት ማድረግ በደንብ ካሰቡት ከባድ ስህተት ነው፤ ጠባሳ ብዙ ጊዜ ያለው የተጎዳው ሰው ላይ እንጂ የጎዳው ላይ አይደለም።

ቁጥሩን አጠፋሁት። በምትኩ ጌሙ የሆነውን ነገር ሁሉ በዝርዝር ይመዘግባል። «ወንዙ ሲሞላ ተሻገረች።» «የተሸረፈውን አሞሌ ለባልቴቷ ሸጠች።» «ሠርጉ ላይ ተገኘች።» እያንዳንዱ የመልክ ለውጥ የሚመጣው ከዚህ መዝገብ ከአንድ የተለየ ነገር ነው እንጂ ከድምር አይደለም። ሠርጉ ላይ ከተገኘች እጇና እግሯ ላይ እንሶስላ አለ፣ እሱም በጌሙ ቀን ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው እየደበዘዘ ይጠፋል። ወንዙን በሙላት ከተሻገረች ቀሚሷ ጠርዙ ላይ የጭቃ እድፍ ይዞ ይቀራል። አንዳንዱ ይለቃል፣ አንዳንዱ አይለቅም።

እዚህ ላይ ለሚሠራ ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር ልናገር። መጀመሪያ ሴቭ ፋይሉ (ተጫዋቹ የደረሰበት የሚቀመጥበት ፋይል) ውስጥ የማስቀምጠው መልኩን ራሱን ነበር፤ ጉንጭ ይሄን ያህል፣ ቅንድብ ይሄን ያህል። አንድ ሼፕ ኪ ስቀይር የሞካሪዎቼ ሴቭ በሙሉ ተበላሸ፣ የሁለት ሳምንት ጨዋታ። አሁን ሴቭ ላይ ያለው መዝገቡ ብቻ ነው። ጌሙ ሲከፈት መልኳ ከመዝገቡ እንደ አዲስ ይሰላል። የፈለግኩትን ብቀይር የድሮው ሴቭ አይነካም።

ሌላው ያቃጠለኝ ነገር ልብስ ነው። ሰውነቷን በሼፕ ኪ ሲያከሱት ወይም ሲያወፍሩት ቀሚሱ አብሮ አይሄድም። ትከሻዋ በጨርቁ ውስጥ ብቅ ይላል። ለቀሚሱም ያንኑ ስም የያዘ ሼፕ ኪ መሥራት አለባችሁ፣ ከዚያ በልብስ የተሸፈነውን የሰውነት ክፍል ደብቁት። ሞዴሉን ከብሌንደር በጂኤልቲኤፍ (3ዲ ሞዴል ወደ ሌላ ፕሮግራም በሚወስድ የፋይል ዓይነት) ስታወጡ ደግሞ ሞዲፋየሮቹን (ሞዴሉ ላይ የተደረቡትን ማስተካከያዎች) ተግብር የሚለው ምልክት ከተደረገበት ሼፕ ኪዎቹ አይወጡም። እኔ ሦስት ሌሊት ጎዶትን ስወቅስ ነበር፣ ጥፋቱ እዚያች ምልክት ላይ ነበረ።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ።

መዝገቡም ፊቱም ሲያልቅ አምስት ሰዎች አስሞከርኩ። እያንዳንዳቸው ሦስት ሰዓት ገደማ ተጫወቱ። ሲጨርሱ «አለሚቱ ተለውጣለች?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አራቱ አልተለወጠችም አሉ። አራቱ! ለወራት የለፋሁበት ፊት እኮ ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሲጫወቱ ማየት ጀመርኩ፣ ያኔ ነው የገባኝ። ካሜራው ያለው ከኋላዋ ነው። ሰው ሦስት ሰዓት ሙሉ የሚያየው ጀርባዋን፣ ፀጉሯን፣ ነጠላዋን፣ አረማመዷን ነው። ፊቷ የሚታየው ስታወራ ብቻ ነው፣ ያኔም ዓይናቸው ጽሑፉ ላይ ነው። ፌብል ቀንድና ክንፍ ያለው ነፍሳት የመረጠበት አንዱ ጥቅም እዚህ ላይ ታየኝ፤ ከኋላም ከሩቅም ይታያል።

ስለዚህ ሁሉን ነገር ከፊት ወደ ኋላ አዞርኩት። ከፀጉር ጀመርኩ።

ሹሩባ ሰው ለራሱ አይሠራውም። ሌላ ሰው ከኋላ ይቀመጥና ነው የሚሠራው። ይሄን ሳስብ ሙሉው ነገር በአንዴ መጣልኝ ማለት ይቻላል። አለሚቱ በምታርፍበት መንደር ሁሉ ሴቶች አሉ፤ ከእነሱ ጋር ያላት ነገር ደህና ከሆነ ማታ አንዷ ጠርታ ፀጉሯን ትሠራላታለች፣ ቅቤ ትቀባታለች፣ ጠዋት አልባሶ ተሠርታ ትወጣለች። ካጭበረበረቻቸው ማንም አይጠራትም። ማንም አይሰድባትም፣ ነጥብም አይቀነስባትም። ሹሩባው ግን ቀን በቀን እየተፈታ፣ እየተንጨባረረ ይሄዳል። ተጫዋቹ ከኋላዋ እየሄደ እሱን ያያል። ለዚህ ስድስት የተለያየ ፀጉር ሠራሁ፣ ከተሠራበት ቀን እስከ ሙሉ በሙሉ እስከተፈታው። ለውጡ የሚሆነው ስትተኛ ነው። እየሄደች ሳለ ቀስ ብሎ ሲለወጥ ማንም አያስተውለውም፤ ጠዋት ተነስታ ስትወጣ ግን ዓይን ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ነጠላው። በጉዞው መሐል ከነጋዴዎቹ አንዱ ሊሞት ይችላል፣ ተጫዋቹ አቋራጩን መንገድ ከመረጠ። ከሞተ አለሚቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መልበስ ትችላለች። ትችላለች እንጂ አትገደድም፣ ምርጫው አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ጥለቱ ከታች መሆኑ ቀርቶ ወደ ላይ፣ ወደ ፊቷ ይመጣል፣ ያ ብቻ። ይሄን የሠራሁ ቀን እናቴ ሻይ ይዛልኝ ገባች። ጌም የሚባል ነገር ነክታ አታውቅም። ኮምፒውተሩን አየት አድርጋ «ውይ፣ ይቺ ልጅ ማን ሞቶባት ነው?» አለች። ሻዩን አስቀምጣ ቁጭ አለች። ማን እንደሞተ እስክነግራት አልተነሳችም።

ከዚህ በኋላ ሌሎቹ ገጸ ባሕሪያት መልኳን እንዲያነቡ አደረግኩ። ነጠላዋ ከተዘቀዘቀ የማያውቋት ሰዎች እንኳ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለው ያልፋሉ። ገበያ ላይ ዋጋ የሚከራከራት ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይሄ በጣም አስፈላጊ ነው። አንድ ጓደኛዬ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን ባልደርስ ጌት 3 ሲጫወት የሚጫወትባት ገጸ ባሕሪ ግማሽ ኢሊቲድ (የሰው አእምሮ የሚበላ የጌሙ ጭራቅ) ስትሆን ፊቷ ላይ ጥቁር ሥር ወጣ። ኃይሉን በጣም ይፈልገው ነበር፣ ግን ፊቷን አይቶ ከዚያ በፊት ያስቀመጠውን ሴቭ መልሶ ከፈተ። አልፈርድበትም። ምልክቱ ለእሱ ብልሽት ብቻ ስለሆነበት ነው። እኔ ዘንድ ምልክት የሚመጣው ሰው ከሚያናግርህ አዲስ ነገር ጋር ነው፣ እና ከሞካሪዎቼ አንዱም ስለ መልኳ ብሎ ሴቭ መልሶ አልከፈተም።

ሁለተኛውን ዙር ያስሞከርኩት ባለፈው ክረምት ነው። አንደኛው ልጅ አቋራጩን መረጠ፣ ሰውዬው ሞተ። ነጠላውን አላዘቀዘቀም። ቸኩሎ ነበር፣ ቀጣዩ ገበያ ላይ ጨው ሊወደድ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ሄደ። ሹሩባዋ ተፈታ። ሌሎቹ ነጋዴዎች ከእሷ ትንሽ ራቅ ብለው መሄድ ጀመሩ፣ እሱን ደግሞ ከኋላ ሆኖ በደንብ ያየዋል። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። በቅሎዋን አዞረና ያን ሁሉ መንገድ ተመልሶ የሟቹ ሚስት ቤት ሄደ። ማድረግ ያለበትን ማንም አልነገረውም። በር ላይ ቆሞ ነጠላዋን አዘቀዘቀ።

እዚያ ቤት አንድ ትዕይንት አለ። ሴትዮዋ ብዙ አታወራም። «ነይ፣ ቁጭ በይ» ትላታለች፣ ከኋላዋ ትቀመጣለች፣ ፀጉሯን ትፈታታለች። ካሜራው እንደተለመደው ከኋላ ነው። የሚታየው የአለሚቱ ራስና የሴትዮዋ ሁለት እጆች ናቸው። ልጁ መቆጣጠሪያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ አየ። የሴትዮዋ እጆች ግን ገና አላለቁም፣ ጣቶቹ በፀጉሩ ውስጥ ያልፋሉ እንጂ አይዙትም። አራት ወር ሆነኝ እነሱ ላይ። እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤታችንን ልጅ ሹሩባ ስትሠራ በስልኬ እቀርጻታለሁ፣ ማታ ቁጭ ብዬ አውራ ጣቷን ብቻ አያለሁ።