ከዕረፍት የተነሳ መኪና

ዛሬ ያለ ምክንያት ሆድ ሲብሰኝ ዋለ። ዝናቡ ይሁን ሌላ አላውቅም። ቡናው እንኳ አልጣመኝም።

ማታ የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ነገ የፊዚክስ ፈተና አለባት። «አክስቴ፣ ይቺ ጥያቄ ጎዶሎ ናት» አለችኝ። አየኋት። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈችው። አንድ መኪና ከዕረፍት ተነስቶ ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ2 ሜትር በሰከንድ እየጨመረ ለ6 ሰከንድ ቢጓዝ ምን ያህል ርቀት ይሄዳል ነው የምትለው። ልጅቷ «ጊቭን» (የተሰጠ) ብላ 2ን እና 6ን ጽፋለች። ፎርሙላው ግን ሦስት ቁጥር ይፈልጋል። ሦስተኛውን ፈልጋ ፈልጋ አጣችው።

ቁጥሩ አለ። «ከዕረፍት ተነስቶ» የሚለው ውስጥ ተደብቋል። ቆሞ ነበር ማለት ነው፤ መነሻ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ይህን ስነግራት ዓይኗ በራ። 36 ሜትር አገኘችና ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፈች። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። እኔም በእሷ ዕድሜ ያቺን ዜሮ አጥቻት አልቅሻለሁ።

እኛ አዲስ አበባ እስከ ስድስተኛ ክፍል ሳይንሱን በአማርኛ ተምረን፣ ሰባተኛ ስንገባ ሁሉም ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። ፊዚክስም ራሱን ችሎ የጀመረን ያን ዓመት ነው። ሁለት እንግዳ ባንድ ቀን መጣብን። ጊቭን (የተሰጠ)፣ ሪኳየርድ (የሚፈለግ)፣ ሶሉሽን (መፍትሔ)። እነዚህን ሦስት ቃላት እኛ አገር ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ያውቃቸዋል። እኔ ጥያቄውን አላነበውም ነበር። ቁጥሮቹን እለቅማለሁ፣ ጊቭን ስር እደረድራለሁ፣ ከዚያ የሚገጥማቸውን ፎርሙላ ሳሳድድ አመሻለሁ። ቃላቱ ገለባ፣ ቁጥሮቹ ፍሬ ይመስሉኝ ነበር። «መጀመሪያ ነገሩን በዓይነ ኅሊናሽ እይው» ያለኝ አስተማሪ አልነበረም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ፊዚክስ አይገባንም ብለው የተዉት ስንት ጎበዝ ጓደኞቼ ናቸው! ያስቸገራቸው ዓረፍተ ነገሩ እንደነበር ማን ነገራቸው?

እኔን ጥያቄ ማንበብ ያስተማረኝ አባባ ነው። እንግሊዝኛ የማይችለው አባባ። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድቷል።

አንድ ምሽት ደብተሬ ላይ ተደፍቼ ሳለቅስ አገኘኝ። ጥያቄዋን አሁንም በቃሌ አውቃታለሁ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጭነት መኪና ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ በ5 ሰከንድ ውስጥ ወደ ዕረፍት መጣ፤ ፍሬን ከያዘ በኋላ ስንት ሜትር ሄደ?

«በአማርኛ በይልኝ» አለ። አልኩት። ወዲያው እሱ ጠያቂ ሆነ።

«ጭኗል ወይስ ባዶውን ነው? ዳገት ነው ቁልቁለት?»

«አባባ፣ እሱ አልተጻፈም።»

«እሺ። መጨረሻ ላይ ቆሟል አይደል? ከቆመማ ፍጥነቱ ምንም ነዋ።»

ስፈልጋት ያመሸኋትን ዜሮ በአንድ ትንፋሽ አወጣት። እኔ ቁጥር ብቻ አይ ነበር፣ እሱ መንገዱን አየ። ከዚያ በኋላማ ቀላል ነበር። 72ቱን ወደ ሜትር በሰከንድ ስቀይረው 20 ሆነ። ሃያው እኩል እየቀነሰ ዜሮ ከገባ አማካዩ 10 ነው። 10 በ5፣ 50 ሜትር። ውጤቱን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ጭኖ ከሆነ አያንስም?» አለ። ከዚያ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስለሚወርደው መንገድ ሁልጊዜ የሚያወራውን አወራ። ቁልቁለት የሚወረደው በከባድ ማርሽ ነው፤ ፍሬን ላይ ብቻ የተማመነ ሾፌር ፍሬኑ ይግልና ይከዳዋል።

ከዚያ ወዲያ ከመንገድ ሲመለስ ጥያቄዎቼን እተርክለት ጀመር። እየተረኩ ቃላቱን ለመድኳቸው። ድንጋይ ከፎቅ ላይ «ተለቀቀ» ከተባለ መነሻው ዜሮ ነው፤ «ተወረወረ» ከተባለ አይደለም። «በቋሚ ፍጥነት» ካለ አክስለሬሽን፣ ማለትም የፍጥነት ለውጥ፣ የለም፤ ወደፊት የሚገፋውና ወደኋላ የሚይዘው ተመጣጥነዋል። «ለስላሳ ወለል» ካለ ሰበቃ የለም፤ ወለሉ የሚነካውን ነገር አይይዝም ማለት ነው።

ይቺን የመጨረሻዋን አባባ ፈጽሞ አልተቀበላትም። ለእሱ ለስላሳ መንገድ ማለት ጉድጓድ የሌለው አስፋልት ነው። ሰበቃ የለም ስለው «እንደዚያማ ከሆነ መኪናው በምን ይቆማል? መነሳቱንስ እንዴት ይነሳል?» አለኝ። ልክ ነበር። ጎማው መንገዱን ካልያዘው የቆመው አይነሳም፣ የተነሳውም አይቆምም። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያ ሕግ አድርጎ ያስቀመጠውም ይህንኑ ነው። የቆመ እንደቆመ ይቆያል፣ የሚሄድም በቀጥታ መስመር በዚያው ፍጥነት ይሄዳል፣ ሌላ ኃይል ካልመጣበት በቀር።

ዕረፍት። ዛሬ ማታ ከዚህ ቃል መላቀቅ አቃተኝ።

በአማርኛ ሠራተኛ ያርፋል፣ ተማሪ ያርፋል፣ የሞተም ሰው ያርፋል። የአባባ ጊዜ ከዚያ ማዶ ስልኩን የያዘው ዘመድ ያለኝ «አባትሽ አረፉ» ብቻ ነው። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ፊዚክስ ግን አረፈ ሲባል ዝም አይልም። ከምን አንጻር ብሎ ይጠይቃል። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1632 ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ አንድ የመርከብ ነገር አለ። መርከቧ ሳትናወጥ ባንድ ፍጥነት ከሄደች፣ ታች ዝግ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ቆማ ይሁን እየሄደች መለየት አይችልም። ከላይ ከተንጠለጠለ ዕቃ የሚንጠባጠበው ውሃ እንኳ ልክ እንደቆመች ሁሉ ቀጥ ብሎ እታች ያለው ዕቃ ውስጥ ይገባል። እኔም አሁን ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አርፌያለሁ እላለሁ። መሬት ግን በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይዛኝ በፀሐይ ዙሪያ እየሄደች ነው።

አባባ ከረጅም መንገድ ሲመለስ እግሩን አጥበው ነበር። ከዚያ አልጋው ላይ ጋደም ይላል። ተኛ ብለን ሬዲዮውን እንቀንሳለን፣ በጣታችን እንራመዳለን። እሱ ግን ቶሎ አይተኛም። «ዓይኔን ስጨፍን መንገዱ ይሄዳል» ይለኝ ነበር። «መሪው እጄ ላይ አለ። ኩርባው ይመጣል፣ እዞረዋለሁ፣ ሌላ ኩርባ ይመጣል።»

ከአልጋው አንጻር፣ በር ላይ ቆመን ከምናየው ከእኛ አንጻር፣ አዎ፣ ፍጥነቱ ዜሮ ነበር። ከእሱስ አንጻር? መንገዱ ቆሞለት የተኛበት አንድ ሌሊት እንኳ ነበረው ይሆን?