ዝገት የያዘው ፍሪሲዮን

ቆሞ የከረመ አሮጌ መኪና ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ማርሽ አልገባም ሲል፣ ወይም ፍሪሲዮን ተረግጦም ወደፊት ሲፈናጠር፣ እጅ ወዲያው ወደ መፍቻ ይሄዳል። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ማውረድ ግን የመጨረሻው እርምጃ ነው። አብዛኛው ቁምነገር መኪናው ሳይፈታ ማወቅ ይቻላል፤ ይህን ማስታወሻ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

በመጀመሪያ ውስጡ የሚሆነውን ማሰብ ይገባል። የፍሪሲዮኑ ሸራ፣ ማለትም ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ክብ ዲስክ፣ በቮላኖውና (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) በፕሬሸር ፕሌቱ (ሸራውን የሚጫነው ብረት) መካከል በስፕሪንግ ጉልበት ተጨምቆ ይቀመጣል። እርጥበት ሲገባ የሁለቱም ብረት ፊት ይዝጋል፤ ዝገቱ የሸራውን ስስ ጉድጓዶች እየሞላ እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚሸሸው ፕሬሸር ፕሌቱ ብቻ ነው። ሸራውን ከቮላኖው የሚጎትት ሌላ ነገር የለም፤ ከፕሬሸር ፕሌቱ ጋር ተጣብቆ ከሆነም አብሮት ሸሽቶ አብሮት ይዞራል። ስለዚህ ፔዳሉን መቶ ጊዜ መርገጥ ዋጋ የለውም። ይህን ትስስር የሚበጥሰው ሸራውን ለብቻው የሚጠመዝዝ ኃይል ነው፤ እርሱም የሚመጣው ከካምቢዮው ወገን፣ ማለትም ከጎማ ነው።

ግን በእርግጥ ሸራው ነው የያዘው? ሞተሩን አጥፍቶ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፔዳሉን እስከ ወለል ረግጦ መኪናውን መግፋት ብዙ ይናገራል። በነፃነት ከሄደ ፍሪሲዮኑ እየለቀቀ ነው። እየከበደ ከሄደ ሸራው እየጎተተ ነው እንጂ አልተጣበቀም፤ የሸራው መሐል በካምቢዮው ዘንግ ጥርሶች ላይ ዝጎ እንደ ልብ አልንሸራተት ብሎ ሊሆን ይችላል። ፈጽሞ ካልሄደ ወይም ሞተሩን ካዞረ ሸራው ተጣብቋል፣ አለዚያም ፔዳሉ ኃይሉን አላደረሰም።

ይህ ሁለተኛው ብዙዎችን ያሳስታል። የፍሪሲዮኑ ሥራ በዘይት ግፊት ከሆነ አንድ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ ሌላው ከታች ያለው ፓምፕ የሚገፋውን ዘንግ ይመልከት፤ ሞተሩ ግን ጠፍቶ ይሁን። በብዙ መኪኖች ዘንጉ ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ይሄዳል። ከዚያ በጣም ካነሰ አየር ገብቷል፣ የፓምፖቹ የውስጥ ጎማዎች አልቀዋል፣ ወይም ተጣጣፊው ቱቦ ግፊት ሲያገኝ እየተነፋ ነው። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ሲረግጡት ማርሽ መግባት ከጀመረ ጥፋቱ በፓምፖቹ በኩል ነው፤ ሸራውን ለማስለቀቅ መድከም አያስፈልግም። በገመድ ለሚሠራ ደግሞ ገመዱ መሳቡንና የፔዳሉን ነፃ ጉዞ ማየት ይበቃል፤ በፎልክስዋገን ቢትል ይህ ጉዞ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ነው።

ዘንጉ ሙሉ ጉዞውን ሄዶ፣ ፍሪሲዮኑን የሚያስለቅቀው ሹካ ተንቀሳቅሶ፣ መኪናው አሁንም ከሞተሩ ካልተላቀቀ ሸራው ይዟል ማለት ነው። መጀመሪያ ሙቀት። ማርሽ ሳይገባ ሞተሩ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሥራ፤ በር በተዘጋ ቤት ውስጥ ግን ፈጽሞ አይሁን። ሙቀቱ እርጥበቱን ያደርቃል፣ ብረቱንም ትንሽ ያሰፋዋል። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከፍ ያለ ማርሽ አስገብቶ፣ ፔዳሉ ተረግጦ ሳለ መኪናውን ወደፊትና ወደኋላ ማወዛወዝ ነው። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ መንገድ ማንንም አይጎዳም፤ እኔ ከሁሉ የማስቀድመው እርሱን ነው።

እምቢ ካለ ሞተሩ ራሱ ይጠምዝዘው። ሰፊ፣ ደረቅና ሜዳ የሆነ ቦታ ያስፈልጋል፤ ከፊት ሰውም ግድግዳም አይኑር። ፍሬኑ አስቀድሞ ተፈትሾ የሚይዝ መሆን አለበት። ሞተሩ ጠፍቶ ሁለተኛ ማርሽ ይገባል፣ ከዚያ በሞተሪኖ (ሞተር አስነሺው) ይነሳል፤ መኪናው እየተንፈራገጠ ይሄዳል። ፔዳሉን እስከ ወለል ይዞ ነዳጅ ሰጠት፣ ለቀቅ፣ እንደገና ሰጠት ማድረግ፤ ሸራው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይጠመዘዛል። ሲለቅ ሞተሩ ብቻውን ይጮኻል፣ መኪናው በነፃ ይንከባለላል። ለማቆም ቁልፉን ማጥፋት ነው፤ መሪ የሚቆልፍ ቁልፍ ያለው መኪና ላይ ግን እስከ መጨረሻው አይመለስ፣ መሪው እየሄደ ይቆለፋል። በዚህ ዘዴ የሚጎዱት ሞተሪኖው፣ የማርሽ ጥርሶችና ክሮቸራዎቹ (ኃይል ወደ ጎማ የሚወስደው ዘንግ መገጣጠሚያዎች) ናቸው። ስለዚህ ጥቂት ጊዜ ተሞክሮ ካልሆነ ይቁም። የኋላ ጎማዎችን በክሪክ አንስቶ በፍጥነት እያዞሩ ድንገት ፍሬን መያዝን የሚመክሩ አሉ፤ መኪናው ከተቀመጠበት ሊወርድ ስለሚችል እኔ አልመክረውም።

በካምቢዮው መያዣ ታች የሚከፈት ክዳን ያላቸው መኪኖች ዕድለኞች ናቸው። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ በእንጨት ተወጥሮ ሳለ በሸራውና በብረቱ መካከል ስስ የብረት መጋዝ ምላጭ እያስገቡ፣ ቮላኖውን በእጅ እያዞሩ፣ ዙሪያውን ቀስ ብሎ ማላቀቅ ይቻላል። የሸራው ጠርዝ ስለሚሰበር ካቻቢቴ መሰንቀር አይገባም። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይትም መርጨት ክልክል ነው፤ ሸራ ዘይት ከጠጣ መንሸራተት ይጀምራል፣ ከተለቀቀም በኋላ መቀየሩ አይቀርም። ዘይት የሚፈቀደው ለውጪው የሹካ ዘንግና ለፔዳሉ ማጠፊያ ብቻ ነው። (በጣም የቆዩ፣ ባለ ቆዳ ሾጣጣ ፍሪሲዮን መኪኖች ሌላ ናቸው፤ እነዚያ ቆዳቸው በልዩ ዘይት መለስለስ አለበት።)

ይህ ሁሉ ካልሠራ ካምቢዮው ይወርዳል። ኤምጂ ቢ በተባለው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ላይ ይህ ማለት ሞተሩም ይወጣል ማለት ስለሆነ፣ ከላይ ያለው ሁሉ ሳይሞከር መድረስ የማይገባ ቦታ ነው። ሲከፈት የሚወጣውን አቧራ በአየር አታራግፉት። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ (አቧራው ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) ነበራቸው፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ በላስቲክ ታስሮ ይወገድ። በካምቢዮው ዘንግ ጫፍ ያለው ትንሹ ኩሽኔታ በቀላሉ ካልዞረ ይቀየር፤ እርሱ ሲይዝም ዘንጉ ከሞተሩ ጋር አብሮ ስለሚዞር ምልክቱ ከተጣበቀ ሸራ ጋር ይመሳሰላል።

ሳይከፈት የለቀቀ ሸራ ወዲያው አይታመንም። የተረፈው ዝገት እስኪጠረግ መጀመሪያ ሲነሳ መንቀጥቀጡ የተለመደ ነው፤ ጥቂት ጊዜ በዝግታ ማስነሳት ያጠራዋል። ከዚያ በከፍተኛው ማርሽ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ነዳጅ በሙሉ ሲሰጥ የሞተሩ ዙር ከፍ ብሎ መኪናው ካልፈጠነ ሸራው ይንሸራተታል። መንቀጥቀጡ ካልቆመ ወይም ከውስጥ የሚንኳኳ ድምፅ ከመጣ የሸራው ቁራጭ ተላጦ ይሆናል፤ ይከፈት።

ለረጅም ጊዜ ለሚቆም መኪና ፔዳሉን በእንጨት ወጥሮ መተው ሸራውን ከብረቱ ያርቀዋል። በገመድ ወይም በዘንግ ለሚሠራው ጥሩ ነው። በዘይት ለሚሠራው ግን ግፊቱ ቀስ በቀስ ስለሚወርድ አያስተማምንም፤ ለእርሱ የሚሻለው በየጥቂት ሳምንቱ ሞተሩን አሙቆ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጦ፣ መኪናውን ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ መንዳት ነው።