የደመወዝ ጭማሪዬን ከገዛ እጄ ያዳንኩበት መንገድ

ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ በሚገኝ ፋብሪካ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ደመወዜ ሦስት ጊዜ ቢጨመርም የልብስ ስፌት መኪና መግዣ ግን አንድም ጊዜ አልተረፈኝም። ዕቁብ ግቢ ያሉኝ አልጠፉም፤ ዕጣው ቶሎ ከወጣልኝ ገንዘቡ መልሶ እጄ ላይ ነውና ተውኩት። መንገዱን ያሳየኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው ሪቻርድ ቴለር ከሽሎሞ ቤናርትዚ ጋር የሠራው ጥናት ነው። በጥናቱ የተሳተፉት ሠራተኞች ከያዙት ደመወዝ ሳይሆን ገና ከሚመጣው ጭማሪ ላይ ለመቆጠብ አስቀድመው ተስማሙ፤ እጃቸው የገባ ነገር ስላልተነጠቀባቸው አልከበዳቸውም፤ ሐሳቡ በተሞከረበት በመጀመሪያው ድርጅት ቁጠባቸው በ40 ወራት ውስጥ ከደመወዛቸው 3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ አደገ።

የቁጠባ ሂሳቡን መክፈት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። መከራዬን ያየሁት፣ ደመወዝ በገባ ቀን ከጭማሪዬ 1,500 ብር በራሱ ወደ ቁጠባው እንዲዛወር ትዕዛዝ ለመስጠት ስሞክር ነው። መጀመሪያ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያምጡ ተባልኩ። ፈቃድ ጠይቄ፣ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቼ ደብዳቤውን ሳቀርብ፣ የባንኩ ሠራተኛ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና «ማኅተሙ ደብዝዟል» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ማኅተሙ ደምቆ ነበር፤ የሚፈርሙት ኃላፊ ግን ስብሰባ ገብተዋል። «እኅቴ፣ በስልክዎ ራስዎ ማስተላለፍ ሲችሉ ምን አደከመዎት?» የሚለው ምክሩ እስካሁን ያበሳጨኛል፤ የሸሸሁት ያንኑ ስልክና ያችኑ ራሴን ነበርና። 1,500 ብር ለማውጣት ማንም ደብዳቤ ጠይቆኝ አያውቅም። ተናድጄ ሁለት ወር ተውኩት፤ የሁለቱ ወር ጭማሪ የት እንደገባ ብጠየቅ መልስ የለኝም።

ቅጹ ከተፈረመ በኋላ ያጠፋሁት ግን እኔው ነኝ። ሁለቱም ሂሳቦች በአንድ ስልክ ላይ ይታዩ ስለነበር፣ በአራተኛው ወር አንድ እሑድ ማታ አልጋዬ ላይ እንደተጋደምኩ ለምንጣፍ ብዬ 4,000 ብር መለስኩ። ስለዚህ ባንኮች የሚመክሩትን እቃወማለሁ፦ የቁጠባ ሂሳባችሁን ከስልካችሁ ጋር አታገናኙ። እኔ እንዲነጠልልኝ ስጠይቅ «ሰው አስገቡልኝ ይላል እንጂ አውጡልኝ ይላል?» ተብሎ ተሳቀብኝ። አሁን ገንዘቡን የማገኘው ደብተር ይዤ፣ ተሰልፌ ብቻ ነው። ባለፈው ሰኞ አዲስ ስልክ አምሮኝ ብር ላወጣ ሄድኩ፤ ቀኑ የገበያ ነበርና ሰልፉ ከበሩ አልፎ ጠበቀኝ፤ አንድ ሻይ ጠጥቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።